የሰጠኝ በጎች

ይድረስ ለምሳሳልሽ ልጄ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? የወልድያ ሙቀት ተስማማሽ? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን። ላሟም ወልዳለች።

እናቴ በእርዳታ ስንዴ እየኖረች እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ፣ ቤሩት ልሂድ ብለሽ መጻፍሽ ሆዴን አባባው። እንግዲያው የሰሞኑን ጉድ ስሚ።

ባለፈው ወር ከወረዳ ሰዎች መጡ። በሴፍቲኔት ከምንረዳው ውስጥ ማን ራሱን እንደቻለ ቤት ለቤት ሊያዩ ነው። ችሏል የተባለ ከእርዳታው ይወጣል። አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ድሃ ሆነልሽ! ዶሮው እንቅብ ተደፋበት፣ ፍየሉ ገደል ተሰደደ። ጎረቤታችን ሰጠኝም በጎቹን እየነዳ መጣና፣ እባክሽ ሰዎቹ እስኪያልፉ ከጓሮሽ ይዋሉልኝ አለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው ሲለምን አይቼው አላውቅም። የእኔ ድህነት የታወቀ ነው፣ ማን ይፈትሸኛል ብዬ እሺ አልኩ።

ሰዎቹ መጀመሪያ የሚያሰጋኝን ጠየቁ። በረዶ ባቄላዬን እንደሚያረግፈው፣ ውርጭ ገብሴን እንደሚያቃጥለው፣ አምና ናዳው የማሳችንን ራስጌ ይዞት እንደወረደ ነገርኳቸው። ያለሽስ ምንድን ነው አሉኝ። ተራራው ከከብት ከተከለለ ወዲህ ምንጯ በበጋም እንደማትደርቅ፣ በእሷ ድንችና ጎመን እንደማለማ፣ ቀፎዎቼም ማር እንደያዙ አወራሁ። ሳወራው ለራሴም ገረመኝ። ይሄኔ በጎቹ ከጓሮ ባ አሉ። ጎረቤቴን አሳልፌ ልስጠው? የእኔ ናቸው አልኩ። አለቀ፤ ራሷን ችላለች ተባልኩ።

ሰጠኝ ይህን ሲሰማ እየሮጠ ሄዶ እውነቱን ተናገረ። ለራሱ እንኳ አልሳሳም። ሰዎቹ እሱን ከእርዳታው አስወጡትና እኔን፣ ስምሽን እንመልሰው ወይ አሉኝ። እሺ ልል ነበር ልጄ፤ አልዋሽሽም። ግን ከበጎቹ በቀር የነገርኳቸው ሁሉ የራሴው ነው። ስሜ ይቅር አልኩ።

በረዶ ሊጥል ሰማዩ ሲያጉረመርም ዛሬም ልቤ ይመታል። ቢሆንም እኔና ሰጠኝ አንድ አንድ በሬያችንን አቀናጅተን ሁለቱንም ማሳ አርሰናል። በጎቹንም አልወሰዳቸውም፤ ሊያያቸው ይመጣል። በየቀኑ ምን እንደሚያይባቸው እንጃለት!

ስለዚህ ለእኔ ብለሽ ከሆነ ቤሩት አትሂጂ። ለራስሽ ፈልገሽው ከሆነ ግን መጥተሽ ዓይን ለዓይን ተያይተን እንነጋገር። ለአስተርእዮ ማርያም ነይ። የማማክርሽም ነገር አለኝ፤ ሰጠኝ ጠይቆኝ ያላንቺ መልስ የማልሰጥበት ነው።

የገነተ ማርያም እመቤት በወጣሽ በገባሽበት ትከተልሽ። ከክፉ ሰው ዓይን ትሰውርሽ።

አባትሽ ካረፈ ወዲህ ያላወለቅኩትን ጥቁር ልብስ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ስትመጪ ከወልድያ ገበያ ነጠላ ግዢልኝ። ጥለቱ ደማቅ ይሁን፤ የአሮጊት እንዳታመጪ።

እናትሽ