ትኩሳቱ ሲበርድ

ጥቅምት 11፣ ጠዋት
ዛሬም በእርሻው ክሊኒክ ለታመሙት አጫጆች ክሎሮኪን አደልኩ፤ ዛሬም አልሠራም። ደብተሬ፣ ወባን አውቃለሁ። ይኼ እሱ አይደለም። ቢጫ ወባ የሚሉት፣ ትንኝ የምታመጣው ሌላው ነው መሰለኝ። ስሙን ለማንም አልተናገርኩም። የሚያስፈራኝ ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ሰውየው ይነሣል፣ ገንፎ አምጡልኝ ይላል። ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል።

ጥቅምት 12
ከጎጃም ለአጨዳ የመጣው ጎረምሳ ሞተ። ትናንት ጠዋት ይስቅ ነበር። እኔ ግን አውቄው ነበር። ድዱ ይደማል፣ ሽንት የለም፣ ገላው እየነደደ የልብ ምቱ ዝግ ይላል። ትናንትናውኑ ለእርሻው ኃላፊ ለጓ. ደሴ ይኼ ልጅ አይሰነብትም አልኩት። ምን አፌን ከፈተው?

ጥቅምት 14
ራኩባው ባዶ። በሽተኞቹ የሚተኙበት የሣር ዳስ ሰው የለበትም። ጓ. ደሴ ያልኩትን አውርቶ፣ ወሬው ተዛምቶ፣ በዓይኗ ትበላለች ተብያለሁ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከክሊኒኩ ስወጣ፣ ማጭድ የያዙት ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ፣ ሳቄ ደረቀ። የታመሙትን ማሽላ ውስጥ ደብቀዋቸዋል። በዚህ ሐሩር።

ጥቅምት 15
ወ/ሮ ዘሀራ መጣች፤ የወሎ ሴት፣ ለሠራተኞቹ ወጥ የምትሠራ። ባሏ ይማም ማሽላው ውስጥ ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ታወራለች። መድኃኒት ስጪኝ፣ እሱን ግን አትዪው። መድኃኒት የለውም አልኳት፤ ውሃ፣ አጎበር፣ እረፍት። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣
«ይሞታል ወይ፣ እህቴ?»
«አላውቅም።»
ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ።

ጥቅምት 16፣ ከሰዓት
ዘሀራ ወደ ማሽላው ወሰደችኝ። ዓይኔ እንዳያርፍባቸው በነጠላ ተሸፋፍኜ፣ ለበሽተኞቹ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እጃቸውን ወደ ኋላ ይዤ ምቱን እቆጥራለሁ፤ ዓይንና ድዱን እሷ አይታ ትነግረኛለች። ጌትነት የሚባለው ወጣት ዓይኑ ንጹሕ ነው፣ ይሸናል። ይድናል። ይማም ዓይኑ ቢጫ፣ ድዱ ደም፣ ሽንቱ ከትናንት ጀምሮ ቆሟል። እጁን መልቀቅ አቃተኝ።

ጥቅምት 17
ሰሊጥ የጫነ መኪና ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ ጎንደር ይሄዳል። ጓ. ደሴ የሚድኑትን ብቻ አሳፍሪ፣ ሬሳ አላመላልስም አለ። በየስማቸው ጠየቀኝ። ይማም ላይ ደረሰ።
«ይድናል» አልኩ።
ዋሸሁ። ቢደርስብኝስ? ከዘሀራ ጋር አብሬ እሳፈራለሁ።

ጥቅምት 19፣ ጎንደር
ጌትነት መንገድ ላይ፣ አይከል ከተማ ሳንደርስ፣ ሞተ። የሰሊጡ ጆንያ ላይ፣ ደም እያስታወከ፣ እጄን እንደያዘ። ይድናል ያልኩት ጌትነት። ይማም ዛሬ ጠዋት ሸና። ዘሀራ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ግንባሯን አፈሩ ላይ ደፍታ፣ ሱጁድ ወረደች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። አውቃለሁ ያልኩትን አላውቀውም።

መኪናው ነገ ባዶውን ይመለሳል። ማሽላው ውስጥ አይድኑም ያልኳቸው ሌሎች ቀርተዋል። እፈራለሁ፣ ደብተሬ፤ ትንኟንም፣ ማጭዱንም፣ ጓ. ደሴንም። እመለሳለሁ። ማን ይድናል ብሎ ከጠየቀኝ ግን የሁሉንም ስም እጠራለታለሁ።