አባባ ሳይሞት የጻፍኩት የሕይወት ታሪክ

ማክሰኞ

የአባባን የሕይወት ታሪክ ዛሬ ጀመርኩ። አልሞተም። ሐኪሙ ግን እህቴን ጸዳለን «ቤት ወስዳችሁ አስታምሟቸው» ብሏታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

ለአቃቂው ሰፈራችን እድር የሟቾችን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ልጆቹ እያለቀሱ ይመጣሉ፤ ቀብሩ እስኪደርስ ባሉት ጥቂት ሰዓታት እጽፍላቸዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሕዝብ ቆሞ ይነበባል። ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ የሠራ ሰው የሚጠየቀው ይህን ነው። በጥድፊያ የተጻፈ ነገር ስህተት እንደማያጣ ስለማውቅ የአባቴን አስቀድሜ ልጨርስ አልኩ። ጸዳለ ስትሰማ «ሟርተኛ» አለችኝ።

ከገላን ኮንዶሚኒየም በታክሲ መጥቼ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። የማውቀውን ጻፍኩ። ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ። ጡረታ የወጣበት ዓመት። የሟቿ እናታችን ስም፣ ወይዘሮ የሺ። የሁለት ልጆች አባት። ግማሽ ገጽ አልሞላም። ለማላውቃቸው ሰዎች ሁለት ገጽ ስጽፍ ኖሬአለሁ።

መነጽሬን ረስቼ ስለነበር የጻፍኩት በአባባ መነጽር ነው። በልኬ ሆኖ አገኘሁት። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ረቡዕ

አባባ እጅ ከፍንጅ ያዘኝ። ተኝቷል ብዬ የጻፍኩትን በለሆሳስ ሳነብ ዐይኑን ሳይገልጥ «የማንን ነው?» አለኝ። «የእኔን ከሆነ ጮክ በል፤ ያን ቀን አልሰማውም» አለ።

አነበብኩለት። ሥራ የጀመረበትን ዓመት አረመኝ። «ታታሪ» የሚለውን አስወጣው አለ፤ «ለሁሉም ነው የምትጽፈው።» እውነቱን ነው። «የሁለት ልጆች አባት» ስል እጁን አነሳ።

«ሦስት በል።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም አልጠየቅኩትም። መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሐሙስ

ለጸዳለ ነገርኳት። ልብስ እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም። «እድርተኛው ሁሉ ቆሞ እየሰማ እናታችንን ልታዋርዳት ነው?»

«እሱ ነው ያለው» አልኳት።

«እሱ ይሞታል። እዚህ ሰፈር የምኖረው እኔ ነኝ።»

እኔ ሲመሽ ወደ ገላን እመለሳለሁ።

ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ረፋድ ላይ በር ተንኳኳ። ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል ልጅ፣ በእጇ ብርቱካን የሞላ ዘንቢል። ከአዋሽ በባቡር እንደመጣች ነገረችኝ፤ አባባን በስሙ ጠርታ «ልጃቸው ነኝ፣ አሉ?» አለችኝ። አፍንጫዋ የእሱ ነበር። አባባ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ውስጥ ተኝቷል። እናቴ ከኋላዬ ቆማ በእጇ ምልክት «የለም በላት» አለችኝ። «የለም፣ ድሬዳዋ ሄዷል» አልኳት። «መቼ ይመጣሉ?» አለች። «አላውቅም።»

ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ እስከ ከሰዓት ተቀመጠች። ኳስ ልጫወት ስወጣ በአጠገቧ አለፍኩ። ስመለስ አልነበረችም።

ያን ቀን ሁለት ጎል አግብቻለሁ። ለዓመታት ወጣትነቴን ሳስብ ትዝ የሚሉኝ ጎሎቹ ነበሩ።

ዓርብ

አባባ ዛሬ ውሃ እንኳ የወሰደው በማንኪያ ነው። አንዳንዴ ያውቀኛል፤ አንዳንዴ ተሳፋሪ ያደርገኛል። ትኬቴን ጠየቀኝ። አሳየሁት፤ የታክሲ መልስ የሆነች አሮጌ ብር። ተቀብሎ አያትና መለሰልኝ።

ልጅቷን መፈለግ አለብኝ። በምን? አዋሽ ማንን አውቃለሁ? ስሟን እንኳ አላውቅም። ደግሞ ጊዜ የለም።

ልወጣ ስል ጸዳለ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር እጄ ላይ አኖረች። ልጅቷ ዘነበች ትባላለች። እናታችን የሞተች ጊዜ ደውላ ጸዳለን አጽናንታታለች፤ ጸዳለም ቁጥሩን ለማንም ሳትናገር ይዛው ኖራለች። «እንዲያያት ብዬ ነው እንጂ እንዲነበብ አልተስማማሁም» አለችኝ።

ታክሲ ተራው ላይ ቆሜ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት።

«አረፉ?»

«አላረፉም።»

«ታዲያ ለምን ደወልክ?»

ሊያዩሽ ይፈልጋሉ ማለት አልቻልኩም፤ እንደዚያ አላለም። ያለውን ብቻ ነገርኳት። የሁለት ልጆች አባት ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሦስት በል አለኝ። ከወዲያ የከባድ መኪና ጡሩንባ ተሰማኝ።

«እሑድ ሥራ የለኝም» አለች።

እሑድ

ቃሊቲ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። ሽበት በሽበት ሆናለች። በአፍንጫዋ ለየኋት። ታክሲ ውስጥ ነገርኳት፤ በሩን የከፈትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አባባም ያን ጊዜ ውስጥ ተኝቶ እንደነበር። ወደ ውጭ እያየች «ሲያንኮራፉ ሰምቻለሁ» አለች።

ጸዳለ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ተሳሳሙ፤ ማንም አላለቀሰም። ዘነበች አልጋው ጠርዝ ላይ ስትቀመጥ አባባ ዐይኑን ገለጠና በእናቴ ስም ጠራት። ማናችንም አላረምነውም።

«የሺ፣ ልጅቷ መጣች? ዛሬ እመጣለሁ ብላ ጽፋልኝ ነበር።»

እንደምትመጣ ያውቅ ነበር። እየጠበቃት እንቅልፍ ጣለው። ከእንቅልፉ ሲነሳም መጥታ ነበር ብሎ የነገረው ሰው የለም። እስከ ዛሬ አልመጣችም ብሎ ኖሯል።

ዘነበች እጁን ያዘች። «መጥታለች» አለችው።

«በላች?»

«በልታለች።»

ዐይኑን ጨፈነ። እሷም ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ «በል የሚበላ አምጣልኝ፤ እንዳልዋሻቸው» አለችኝ።

ጸዳለ ምስር ወጥ አቀረበች። ዘነበች እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና በአንድ እጇ በላች፤ ሌላውን አባባ አለቀቀውም። ትንፋሹ ይቆራረጣል። የመጨረሻው የአዋሽ መኪና ሊነሳ ትንሽ ቀርቶታል። አልተነሳችም፤ እኔም ሰዓቱን አልነገርኳትም።