ባሕር ዛፍ ካለ ባሕር አለ

ለአቀበት ራስ የጉብኝት ማኅበር ሰብሳቢ
ለክብርት ወይዘሮ ሰርክአዲስ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና የባሕር ፀሐይ ላጠቆረው ፊትዎ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ እኔ የጉዞዎን ወሬ ከሰማሁ ወዲህ ከጀመረኝ የቅናት ቃር በቀር ፍጹም ደህና መሆኔን በትሕትና አስታውቃለሁ።

ማኅበርዎ፣ ሰው በጀልባ ወጥቶ ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ወደሚያይባት ወደዚያች የውጭ አገር የባሕር ጠረፍ ትንሽ ግዛት የልምድ ልውውጥ ልዑካን በመላኩ ኮርቻለሁ። እንጦጦ ላይ ዓሣ ነባሪ የለም ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ እኔ ግን አርቆ አሳቢነትዎን ስለማውቅ ዝም አልኩ። ይሁንና ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩. ከሠፈሩ አንድ ነባር ነዋሪ አብሮ እንዲሄድ ሲወሰን የተመረጡት ጎረቤቴ አቶ በርናባስ ናቸው። እሳቸው ከሲ.ኤም.ሲ ወደ እኛ ከመጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ እኔ የካ ሚካኤል ክርስትና ከተነሣሁ ሰባ ስምንት ዓመቴ። ምናልባት አስመራጮቹ «ነባር» እና «ነባሪ» ተምታቶባቸው ከሁለታችን ዓሣ ነባሪ የሚመስለውን መርጠው ከሆነ፣ የአቶ በርናባስን ሆድ ላየ ሰው ውሳኔው እንከን የለውም፤ አመሰግናለሁ።

፪. የመጣው ልምድ ወዲያው ሥራ ላይ መዋሉም ያስመሰግናል። ተራራው ጫፍ ላይ፣ አርባ ዓመት ከተቀመጥኩበት ድንጋይ አጠገብ፣ «መቶ ሜትር ይራቁ፤ አይጩኹ፤ ምግብ አይስጡ፤ በራሱ ፈቃድ ካልቀረበ አይቅረቡት» የሚል፣ ከዓሣ ነባሪ ጉብኝት ደንብ የተቀዳ ሰሌዳ ተተክሏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎብኚው ሁሉ በሩቅ ቆሞ በጸጥታ ፎቶ ያነሣኛል። ባለፈው እሑድ ባስነጥስ አጨበጨቡ።

፫. ዋናው ግን ይኸኛው ነው። የልጅ ልጄ ማዕዶት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እጄን ይዛ ዳገቱን ትወጣ ነበር፤ ከጫፉ ሆነን ከተማውን ሸፍኖ የተኛውን ነጭ ባሕር እናያለን። እናቷንም በልጅነቷ አሳይቻታለሁ። ማስረጃ ለሚጠይቀኝ ልጅ ዙሪያችንን የከበበውን ባሕር ዛፍ አሳየዋለሁ፤ ባሕር ከሌለ ዛፉ ስሙን ከየት አመጣው? ይህን የረታ ልጅ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አቶ በርናባስ ግን ዓሣ ነባሪ የተሳለበት ኮፍያ ደፍተው ከተመለሱ ወዲህ የሠፈሩን ልጆች ደጃቸው ላይ ሰብስበው፣ «የጋሽ ኃይለ መስቀል ባሕር ጉም ነው፤ እውነተኛውን ያየሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። ዓሣ ነባሪያቸው መጀመሪያ ሚኒባስ ያክል ነበር፤ አሁን ሲግናል ሠፈር ካለው ፎቅ ሁሉ በልጧል። ማዕዶትም ሦስት ቅዳሜ ቀረች። ባለፈው ስጠራት፣ «አባባ፣ ዛሬ እኮ ዶልፊኑ የሚዘልበት ነው!» ብላኝ ሮጠች። «በዚህ ዕድሜው በዶልፊን ቀና» ብለው የሚያሙኝ አሉ ይባላል። ይሙኝ፤ ቀንቻለሁ።

ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ ወይ በሚቀጥለው ጉዞ እኔም ሄጄ የራሴን ዓሣ ነባሪ ይዤ እንድመለስ፣ ወይ ደግሞ አቶ በርናባስ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ዝም የሚሉበት ደንብ እንዲወጣልኝ እለምናለሁ።

ከመቶ ሜትር ርቀት እጅ እየነሣሁ፣
በራሴ ፈቃድ ለመቅረብ ሁልጊዜ ዝግጁ የሆንኩ፣
ኃይለ መስቀል
የየካ ሚካኤል ነባር ነዋሪ (ዓሣ ያልሆነ)

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አብረው ተጉዘው የነበሩት የማኅበርዎ ጸሐፊ አቶ ነአምን እንዳጫወቱኝ፣ አቶ በርናባስ ጀልባዋ ከተነሣችበት እስክትመለስ ድረስ ፊታቸውን ከፌስታል ውስጥ አላወጡም፤ ያዩት ነገር ቢኖር የበሉትን ቁርስ ነው። ጎረቤት ማዋረድ ስለማልወድ ይህን ለአንድም ሰው አልተነፈስኩም። ደብዳቤዬንም ከአንድ ቦታ በቀር አልለጥፈውም፤ እሱም አቶ በርናባስ በር ፊት ለፊት ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ማዕዶት ዘንድሮ ማንበብ ችላለች፤ ያገኘችውን ሁሉ የምታነበው ደግሞ ጮክ ብላ ነው።