የአጎትሽን አሳማ ቀብሬዋለሁ

ጁይጄ፣

የማኅበሩ ሱቅ ስትደርሺ ሥጋውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አትፈልጊው። ከሱቁ ጓሮ ቀብሬዋለሁ። ውሾች እንዳያወጡት የፋኖስሽን ላምባ በሙሉ አፍስሼበታለሁ።

ትናንት የአሳማውን ምላስ ገልብጬ እንደ ሩዝ ያሉትን ነጫጭ የኮሶ ትል ፍሬዎች በጣትሽ አስነካሁሽ። "ተይ እባክሽ፣ ጮማ ነው! ደግሞ አንቺ መቼ ነው የከብት ሐኪም የሆንሽው?" ብለሽ ደንበኛውን ሁሉ አሳቅሽብኝ። በኋላ "እሺ፣ እጥለዋለሁ" ስትይ አመንኩሽ። ዛሬ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ግን ተቆራርጦ፣ በርበሬ ተነስንሶበት፣ ለማማ ሶኬንግ ባል የሙት ዓመት ድግስ ተዘጋጅቶ አገኘሁት።

ትሉን በርበሬ ይገድለዋል ያለሽ ማነው? አጎትሽ?

ነርሷ የወንድምሽ የሚጥል በሽታ ከዚሁ ትል እንደመጣ ስትነግረን ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ምድጃ ላይ እንዳይወድቅ ስንቴ እንደያዝኩት ታውቂያለሽ።



ቢላዋውንና መክተፊያውን በሳሙናና በፈላ ውሃ እጠቢ። ደሙ የነጠበበትን ጎመን ጣይው፤ አለቅልቀሽ እንዳትሸጪው። እጅሽንም ታጠቢ።

ትናንት አጎትሽን ሰው ፊት ሌባ ማለቴ ልክ አልነበረም። ሌባስ አይደለም። ግን ምላሱ ላይ ያለውን አይቶ፣ እያወቀ ነው ያመጣልን።

እንቁላል የምትታቀፈዋን ዶሮዬን በሥጋው ምትክ ይዤ ማማ ሶኬንግ ቤት ሄጃለሁ። አሳማው የት ገባ ማለቷ አይቀርም። እስከ ቀትር መጥተሽ ራስሽ ንገሪያት። ካልመጣሽ እኔ እነግራታለሁ፤ ከወንድምሽ በሽታ ጀምሬ።

ማኜ