ስድስተኛውን እርምጃ ወደ ጀርባ ስለላከው ውብ ፎንት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን። ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነው፤ ዝናብ ግን የለም። በስብሰባ አዳራሹ የተገኙት፦ እርስዎ፣ ሦስት የክፍል ኃላፊዎች፣ አርፍደው የገቡት ዋናዋ አዋላጅ፣ ጋሼ መዝገብ የምንላቸው የመዝገብ ቤቱ ሰው፣ አዲሷ ዲዛይነር፣ ለእርሷ የተገዙ አሥራ ሁለት ጽጌረዳዎች፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ እኔ የጽሕፈት ሠራተኛዋ።

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ዛሬ ስለ ውበት አርባ ደቂቃ ቆመው ሲናገሩ ወገብዎን እንዳላመመዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ፤ ዓይኔም ቢሆን የሚቆጠቁጠኝ የሰው አበባ ሳይ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የምለጥፈው ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጊዜዎን እንዳልሻማ ብዬ ነው።

የማዋለጃ ክፍሉ መመሪያ ተጽፎ፣ ታርሞና ጸድቆ ካለቀ በኋላ ፎንቱ እንዲቀየር በመወሰንዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያላለቀ ነገር ማሳመርማ ማንም ይችላል። ሆኖም በትሕትና የማቀርባቸው ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

አንደኛ። እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት ከኮፒ ማሽኑ ሥር ከሚጣል ወረቀትና የመጀመሪያ አርባ ገጾቹ ተገንጥለው ከጠፉ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ስለዚህም ሠንጠረዥ መሥራትን ያወቅሁት ማሽኑ በየት በኩል እንደሚበራ ከማወቄ በፊት ነው። በዚህ ዕውቀት መመሪያውን ለመጻፍ ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ። ዲዛይነሯ ግን በዚያ በሚያምርባት ትሕትና «ሁሉንም መርጬ ፎንቱን መቀየር ብቻ ነው፤ አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዘጠኝ ወር በከንቱ እንዳባከንኩ በሰው ፊት ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ጋሼ መዝገብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አንቺ፣ ይቺ መመሪያ ያንቺ ልጅ አይደለችም እንዴ? ቀሚስ ቀይረው ዳሯት እኮ!» ማለታቸውን ግን እንደ ሐሜት አይቁጠሩባቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ነው የቀራቸው።

ሁለተኛ። በምስጋናው ገጽ ላይ የዲዛይነሯ ስም በትልቁ ሰፍሯል፤ እኔ ደግሞ «የጽሕፈት ክፍሉ ትብብር» ተብያለሁ። በክፍሉ ያለነው እኔና አንድ ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተር ብቻ ስለሆንን ምስጋናውን እኩል ተካፍለነዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉ ሰዎች የዛሬውን ስብሰባ ቢያዩ ተረቱን ያርሙት ነበር።

ሦስተኛ። ይህን ለጊዜው ልለፈው፤ ከአራተኛው በኋላ ድፍረቱን ካገኘሁ እመለስበታለሁ።

አራተኛ። ሥራውን ስጀምር ዋናዋን አዋላጅ መመሪያው እንዴት ቢሆን እንደሚመቻቸው ጠይቄያቸው ነበር። «የኔ እመቤት፣ ደም ሲፈስ እኔ ያለኝ ሁለት እጅ ነው፤ ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው፤ ገጽ አታስገልጪኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ የአደጋ ጊዜ መመሪያ ባንድ ገጽ ተጀምሮ እዚያው እንዲያልቅ ቃል እየቀነስኩ፣ መስመር እያጠበብኩ ሠራሁ። ዘጠኙ ወር የሄደው እዚህ ላይ ነው። የዛሬውን ውብ ፎንትም ቢሆን ዓምና አይቼው ነበር። ወድጄውም ነበር። ወገቡ ቀጠን፣ እግሩ ዘርጋ ያለ፣ እንደ ዲዛይነሯ ሁሉ ሲያዩት የሚያሳሳ ነው። የተውኩት ቦታ ስለሚፈጅ ነው። አሁን ስለ ወሊድ ደም መፍሰስ የሚናገረው ክፍል በገጽ 71 ይጀምርና አምስት እርምጃ ቆጥሮ ገጹ ያልቅበታል፤ «ደሙ ካልቆመ ሳትዘገዪ ሐኪም ጥሪ» የሚለው ስድስተኛው እርምጃ ከጀርባው፣ ገጽ 72 ላይ፣ ብቻውን እጅግ አምሮ ተቀምጧል። ማውጫው የገጽ ቁጥሩን ራሱ ስለሚያስተካክል ማንም አላየውም። ሦስት ቅጂ ታትሞም ከቀትር በኋላ ወደ ማዋለጃ ክፍል ተልኳል።

ወደ ሦስተኛው ልመለስ። ማንም አላየውም ያልኩት ውሸት ነው። ናሙናው በስብሰባው ላይ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የገለጥኩት ያንን ገጽ ነው። ስድስተኛውን እርምጃ ሳጣው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እጄን አውጥቼ መናገር ነበረብኝ፤ ነገር ግን ጉዱ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው አፍ፣ በእርሷ ፊት ቢወጣ ይሻላል ብዬ ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። ስለዚህ ይህ ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ለእርስዎም የጻፍኩት የሚሰማው ሌላ ኃላፊ ስለማላውቅ ነው።

ውበትን ከማንበብ አስቀድመው ለሚያዩት ዓይንዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፤

የጽሕፈት ክፍሉ ትብብር ግማሽ
(ሌላው ግማሽ ፕሪንተሩ ነው)

ድኅረ ጽሑፍ፣ ረቡዕ ጠዋት። ልክ አንድ ሰዓት ላይ ማዋለጃ ክፍል ገብቼ ሌሊቱን ያ ገጽ አስፈልጎ እንደሆነ ጠየቅሁ። ሁለት እናቶች በሰላም ወልደዋል፤ መመሪያውን የገለጠው የለም። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ሰነዱን ከፈትኩ፤ የድሮውን ፎንት አልመለስኩም። በእርሷ ፎንት፣ የገጽ 71ን ፊደል ብቻ አንድ ቁጥር አሳነስኩና ስድስቱም እርምጃዎች ባንድ ገጽ ገቡ። የቀሩትን የአደጋ ጊዜ ገጾችም አንድ በአንድ አየሁ፤ ሌላ ወደ ጀርባ የወረደ እርምጃ የለም። ሦስት ቅጂ አተምኩ፤ ፕሪንተሩ አራተኛውን አኝኮታል። ተመልሼ አዲሱን ገጽ በሦስቱም መጻሕፍት አሮጌው ገጽ 71 ላይ ለጠፍኩ፣ ዋናዋ አዋላጅ እንዲያዩት አደረግሁ፣ ለዲዛይነሯም ምን እንደተቀየረ ጽፌ ጠረጴዛዋ ላይ ተውኩ። በመመለሻዬ አዳራሹ ክፍት ነበር፤ አበቦቹ ውሃ ሳይደረግላቸው አድረው አንገታቸውን ደፍተዋል። ማሰሮ ፈልጌ ውሃ ውስጥ አቆምኳቸው። ቢቆጥሯቸው አሥራ አንድ ናቸው፤ በፍለጋ እንዳይደክሙ፣ አንዷ እኔ ጋ ናት።