በስምዎ ስለተሰየመው ኩርባ

ለክቡር ሙሴ ቲቦ ላንበርሞን
የመንገድ ዳር መከለያዎች ረቂቅ ደንብ አዘጋጅ ክፍል ኃላፊ
ብራስልስ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ለወገብዎና ለአንገት አጥንትዎ፣ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ የቫልሞን ባለሞተር ብስክሌቶች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ቢሮዎ የተመላለስነው አንድ ነገር ለመለመን ነበር፤ በየኩርባው ያለው የብረት መከለያ ከግርጌው ሁለተኛ ላሜራ እንዲታሰርለትና የወደቀ ባለሞተር ከቋሚዎቹ ብረቶች ጋር ከመጋጨት ይልቅ ላሜራውን ታክኮ እንዲያልፍ። ወንድሜ ባስቲየን ከአራት ዓመት በፊት፣ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር እየሄደ ተንሸራቶ፣ ከአንዱ ቋሚ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ላሜራው ቢኖር ኖሮ ተነሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ ይሳደብ ነበር። ልመናችን በረቂቁ ውስጥ ዘጠነኛ አንቀጽ ሆኖ እስከ ኅዳር ድረስ ቆይቶልናል። ስለዚህ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. አሥራ አንድ ጊዜ ስለተቀበሉን እናመሰግናለን። ሄልሜታችንን በር ላይ አስቀምጠን እንድንገባ የታዘዝነው ለእርስዎ ደኅንነት ታስቦ መሆኑ ገብቶናል፤ በቃለ ጉባኤውም «ጋሪ ነጂዎችና ሌሎች» በሚለው መስመር «ሌሎች» ተብለን መስፈራችንን ስናይ፣ ጨርሶ ካለመጻፍ ይሻላል ብለን ተጽናንተናል።

፪ኛ. ዘጠነኛውን አንቀጽ በገዛ እጅዎ ስለሰረዙልን በተለይ እናመሰግናለን። ክፍልዎ በስህተት በላከልን ቅጂ ጠርዝ ላይ፣ በዚያ በሚያምረው የእጅ ጽሑፍዎ፣ ምክንያቱን አንብበናል፦ «የታችኛው ላሜራ ሣር ለማጨድ አያመችም»። ያን ሁሉ የሐኪም ማስረጃ፣ የአደጋ ፎቶግራፍና የግጭት ሙከራ ውጤት ስናግዝ፣ ስለ ሣሩ አንድ ቃል አለመተንፈሳችን አሳፍሮናል። ወንድሜ የወደቀበትን ቦታ በየወሩ ስለማየው ልመሰክርልዎ እችላለሁ፤ ሣሩ በሚገባ ታጭዷል። ባለፈው ጊዜ እዚያ ቆሜ ያለቀስኩት ግን ከሐዘን ይልቅ በንዴት ነበር፤ ይህቺን እንኳ ያለ ምስጋና ልንገርዎ።

፫ኛ. በምሳ ዕረፍት ላይ፣ ፎርማጆ የተሰካበትን ስንጥር እንደያዙ፣ ስለ ባስቲየን ሳነሣብዎ፣ «እመቤቴ፣ መከለያው የተሠራው ለመኪና ነው፤ ወንድምዎ እኮ መኪና አልነበረም» ብለው ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ቤት ገብቼ አጣርቻለሁ፤ እውነትዎን ነው፣ አልነበረም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጉዳይ ልግባ። እርስዎ በመኪና ስለሚያልፉ አያውቁት ይሆናል እንጂ፣ እዚህ በአርደን ተራሮች እኛ ባለሞተሮች አንድ ልማድ አለን፤ ኩርባ የሚጠራው እዚያ በሞተው ሰው ስም ነው። በየሚያዝያው ቄሱ ሞተሮቻችንን ጠበል ሲረጩ ስሞቹ አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ በኩርባው ያለፈ ሁሉ ደግሞ ግራ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል። ከቫልሞን በላይ ያለው ኩርባም እስካሁን «የባስቲየን ኩርባ» ሲባል ኖሯል። አንቀጹ መሰረዙን ሰምተን በተሰበሰብን ጊዜ፣ እናቴ ተነሥታ የልጇ ስም ከዚያ ብረት ላይ እንዲነሣላት ለመነች። ከዚያ የማኅበሩ ሽማግሌ፣ ጡረተኛው መካኒክ ፌርናንድ፣ «እስከ ዛሬ የሞተውን ስንጠራ ኖርን፤ እስቲ አሁን ደግሞ የሚያስገድለንን እንጥራው!» አለ። የተቃወመ አልነበረም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከጥር ጀምሮ ስፍራው «የላንበርሞን ኩርባ» ሆኗል። አሥራ አራት ሺህ ባለሞተሮች በስልካቸው በሚይዙት የጉዞ ካርታ ላይ ገብቷል፤ የሆላንድና የጀርመን ማኅበራትም ገልብጠውታል። በሚያዝያም ስምዎ በቄሱ ፊት፣ በሙታኑ መካከል፣ ጮክ ተብሎ ተነብቧል። ለእርስዎ እጅ አናነሣም፤ ጥሩንባ እንነፋለን። በጩኸቱ ለተማረሩት የመንደሩ ሰዎች አቤቱታቸውን የሚልኩበትን አድራሻዎን ሰጥተናቸዋል። ዘጠነኛው አንቀጽ የተመለሰ ዕለት ስምዎን አክብረን እናወርደዋለን፤ እስከዚያ ግን የልጅ ልጆችዎም ካርታ ሲከፍቱ እዚያው ያገኙዎታል። ብበቀልዎ ደስ ይለኛል፤ አልክደውም።

ብዕርዎ እንዳይደክም፣ ሣርዎም ከልኩ እንዳያልፍ እየጸለይኩ፣ ለራሴም፣ ጎንበስ ማለት ለማይችለው ወንድሜም ስል ሁለት ጊዜ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ፣

ኦዲል ማሬሻል
ቫልሞን

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ባለፈው እሑድ ከሊዬዥ የመጣች ወጣት ነርስ በኩርባዎ ላይ ወደቀች። የደወለው ሰው «ላንበርሞን ላይ ሰው ወድቋል!» ከማለት ሌላ አልተናገረም፤ አምቡላንሱም የት ነው ሳይል ደረሰላት። በሕይወት አለች፤ ግራ እግሯን ግን ቋሚው ብረት ወስዶታል። ልጠይቃት ስሄድ፣ ይህ ላንበርሞን የሚባል ሰው መቼ እንደሞተ ጠየቀችኝ። አልሞተም፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮው ይገኛል አልኳት። ከሆስፒታል እንደወጣች ልትጎበኝዎ ትፈልጋለችና ቀጠሮ ይያዙላት።