የቻይናን ወንዝ በግሼ ገደል ለፈለጉት ጓድ

ታኅሣሥ ፲፩ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.። ውርጩ የባቄላውን ማሳ አቃጥሎታል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። በቤቴ የተገኘነው እኔና ጎረቤቴ ጠጄ ነን። ልጄ ኮከቤ ያልተገኘችበትን ምክንያት እርስዎ ያውቃሉ።

ለተከበሩ ጓድ ኃይለ ኢየሱስ፣ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ቀኝ ክንድዎ? ባለፈው ሳምንት ብዙ ስለ ደከመ አሳስቦኛል።

ዩኒቨርሲቲው የሩቅ ምሥራቅን ፖለቲካ እንዲመረምሩ ዕድል ከሰጣቸው ጥቂት ተማሪዎች አንዷ ኮከቤ ነበረች። የቻይና ገበሬ መሬት ሲከፋፈል የሆነውን ጽፋ፣ ከእኛ ገበሬ ጋር ለማስተያየት ወደ ቤቷ መጣች። ቅሬታ ማቅረብ ድፍረት እንዳይሆንብኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እጽፋለሁ።

፩. ከደብተሯ ውስጥ ያገኙትን ካርታ የፀረ-አብዮተኞች መሸሸጊያ ነው ብለው፣ የተሳለውን ወንዝ ፍለጋ ታጣቂዎችዎን ሦስት ቀን በግሼ ገደል ስላንከራተቱ አመሰግናለሁ። ወንዙ ያለው ቻይና ነው። እኔ እንኳ ፊደል የቆጠርሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ቢጠይቁኝ በነገርሁዎ ነበር።

፪. ወንዙ ሲጠፋ ጥፋቱ የእርሷ ሆነ። የውስጥ እግሯ ቆዳ እስኪገለበጥ በጎማ እየገረፉ፣ ወንዙን የት እንደ ደበቀችው ጠየቋት። ከባሕር ማዶ ነው ብትልዎ፣ ከውጭ ጠላት ጋር መገናኘቷን አመነች ብለው ጻፉ። እንዲህ ያለ ፈጣን ምርምር ዩኒቨርሲቲውም አያውቅ።

፫. ሐሙስ ጠዋት በገበያው ሜዳ ደረቷን ሁለት ጊዜ በጥይት መትተው፣ ካርታውን ቁስሏ ላይ አነጠፉት። የፈለጉት ወንዝ ያን ጊዜ ተገኘ፤ ከወረቀቱ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀይ ሆኖ ፈሰሰ። እንኳን ደስ ያለዎ።

፬. ያለቀሰ ይከተላታል ብለው አዘዋል። ትእዛዝዎን አክብሬ አምስት ቀን ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥሁ። አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄን እንዳለቅስ ይፍቀዱልኝ። መልስዎን እስከ ነገ ንጋት እጠብቃለሁ።

አምላክ ክንድዎን ያሳርፍልዎ ዘንድ እየለመንሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣ የአንድ ልጅ እናት የነበርሁ፣

አልጣሽ ወልደ አማኑኤል

ግልባጭ፦ በወፍጮ ቤቱ በር ለሚያነብ ሁሉ

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፤ ታኅሣሥ ፲፪። ትናንት በጠጄ እጅ ለላክሁልዎ ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ኮከቤን ክርስትና ያነሷት እርስዎን የወለዱት እማማ አመተሥላሴ መሆናቸውን የረሱ መሰለኝ። መርዶ ለክርስትና እናት በንጋት ይነገራልና፣ እርስዎን ፈርቶ እስካሁን የነገራቸው ስላልነበረ፣ ጎህ ሲቀድ ከደጃቸው ቆሜ አረዳኋቸው። ማን ገደላት አሉኝ፤ ነገርኋቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ስሟን እየጠሩ አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ከዚያ ተመልሼ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በወፍጮ ቤቱ በር ለጠፍሁ። ማልቀስ ክልክል ነውና፣ ሊያስሩን ሲመጡ ከእናትዎ ይጀምሩ።